ኮምፒዩተሩን ገዝቶ መሣሪያውን መከራየት

ሰው ዕቃ በገዛ ጊዜ የገዛው ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። በሬ ገዝቶ ቀንበርና ማረሻ የሌለው ገበሬ እርሻውን ቆሞ ከማየት በቀር የሚሠራው ነገር የለም፤ ብራና ገዝቶ ቀለምና ብርዕ የሌለውም ጸሐፊ እንደዚሁ ነው። ይህ ነገር በማንም ዘንድ የታወቀ ስለ ሆነ ማስረዳት የማያስፈልገው ይመስላል። ነገር ግን ዕቃው አዲስና ረቂቅ በሆነ ጊዜ ሰው የሚታየውን አካል ገዝቶ የማይታየውን መሣሪያ ይረሳል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ኮምፒዩተርና ስለ ፕሮግራም መጻፊያ መሣሪያዎቹ ዋጋ፥ ይልቁንም ይህ ነገር በአሶሳና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ስለሚያመጣው ጕዳይ ጥቂት ቃል መጻፍ አስፈላጊ ሆኖ አገኘነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር ብቻውን ብረትና ብርጭቆ ነው፤ ሥራ የሚሠራው የተሰጠውን ትእዛዝ በመፈጸም ነው። የትእዛዙም ስም ፕሮግራም ይባላል። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ደግሞ መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ ይኸውም አንደኛ ትእዛዙ የሚጻፍበት ሰሌዳ፥ ሁለተኛ የተጻፈውን ወደ ኮምፒዩተሩ ቋንቋ የሚመልስ ኮምፓይለር የተባለ ተርጓሚ፥ ሦስተኛ ስሕተቱን ፈልጎ የሚያሳይ መርማሪ ነው። እነዚህ ያሉት ሰው ለራሱና ለአገሩ የሚጠቅም አዲስ ሥራ ሊፈጥር ይችላል። የሌሉት ሰው ግን ሌላው የሠራለትን ከመጠቀም አያልፍም። እንግዲህ የመሣሪያው ዋጋ የጥቂት ባለሙያዎች ጕዳይ መስሎ ቢታይም ሠሪና ተጠቃሚ የሚለዩበት በር እርሱ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል።

ወደ አገራችን ነገር ከመመለሳችን በፊት መሣሪያውና ኮምፒዩተሩ እንዴት እንደ ተለያዩ በአጭሩ እንናገር።

በመጀመሪያው ዘመን ሁለቱ አይለያዩም ነበር። አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ትልልቅ ኮምፒዩተሮቹን ለመንግሥታትና ለባንኮች ሲያከራይ ፕሮግራሙን፥ ተርጓሚውን፥ የመሐንዲሶቹን ምክርና የሠራተኞቹን ትምህርት በአንድ ዋጋ ጠቅልሎ ይሰጥ ነበር። ተከራዩም ስለ መሣሪያው ዋጋ አይጠይቅም ነበር፤ የተጠቀለለውን ሁሉ እንደ ስጦታ ይቈጥረው ነበር እንጂ። በጥር 9 ቀን 1961 ዓ.ም. ግን የአሜሪካ መንግሥት ይህ ኩባንያ ንግዱን ለብቻው ጠቅልሎ ይዟል ሲል በፍርድ ቤት ከሰሰው። ፕሮግራም ብቻ እየጻፉ ለመሸጥ የሚፈልጉ ትንንሽ ድርጅቶችም በነጻ ከሚሰጥ ነገር ጋር ተወዳድረን እንዴት እንኖራለን ብለው ይጮኹ ነበር። ኩባንያውም በሰኔ 16 ቀን 1961 ዓ.ም. ከእንግዲህ ወዲህ ኮምፒዩተሩ ለብቻው፥ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ለብቻቸው፥ ምክሩና ትምህርቱም ለብቻቸው ይከፈልባቸዋል ብሎ አስታወቀ። ደንቡም በ1962 ዓ.ም. አጋማሽ ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ በኋላ የወጡ አዳዲስ ተርጓሚዎች በየወሩ ኪራይ የሚከፈልባቸው ሆኑ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ልናስተውለው የሚገባ ቍጥር አለ። ይህ ሁሉ ተነጥሎ ለየብቻው ሲሸጥ ከኮምፒዩተሩ ዋጋ የተቀነሰው ከመቶ 3 እጅ ብቻ ነው። እንግዲህ የተጠቀለለ ነገር በተፈታ ጊዜ ከጥቅሉ የወጣው ዕቃ ዋጋ ወደ ገዢው ኪስ ይመለሳል ብሎ ማሰብ ከንቱ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

የሆነ ሆኖ ሻጩን ብቻ መውቀስ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው እንደ ማናቸውም ሠራተኛ ዋጋው ይገባዋል። ዋጋው ተለይቶ ባይታወቅ ኖሮ ፕሮግራም መጻፍ ራሱን የቻለ ሙያና ንግድ ሆኖ ባልቆመም ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ በዚህ ሥራ የሚኖረው ብዙ ሕዝብ እንጀራውን ያገኘው ከዚያ መለያየት በኋላ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ለምን በዋጋ ሆነ ብለን አንከራከርም። እኛ የምንከራከረው ገዢው ሳያውቅ እንዳይቀርና ድኻው አገር ከሠሪዎች ማኅበር ወጥቶ እንዳይቀር ነው።

ከትልልቆቹ ኮምፒዩተሮች ቀጥሎ በቤትና በጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ትንንሾች መጡ። እነዚህ በመጀመሪያ ለሠሪው ቸር ነበሩ። በ1973 ዓ.ም. መጨረሻ አይ ቢ ኤም ያወጣው የግል ኮምፒዩተር ቤዚክ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በውስጡ ተቀርጾበት ይሸጥ ነበር፤ የገዛው ልጅም በዚያው ቀን ትእዛዝ መጻፍ ይችል ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን ይህ ቋንቋ ከጥቅሉ ወጣ። ኮምፒዩተር የሚከፍት ወጣትም አስቀድሞ የሚያገኘው መጻፊያው ሰሌዳ መሆኑ ቀርቶ ጨዋታውና መመልከቻው ሆነ።

ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የሚሆነን አፕል የተባለው ኩባንያ ያደረገው ነው። በነሐሴ 1979 ዓ.ም. ሃይፐርካርድ የሚባል መሣሪያ ከማኪንቶሽ ኮምፒዩተሮቹ ጋር በነጻ መስጠት ጀመረ። ይህ መሣሪያ መምህራንና ሐኪሞች፥ ፕሮግራም መጻፍ ያልተማሩ ሰዎች እንኳ፥ ለሥራቸው የሚሆነውን በራሳቸው እጅ እንዲያዘጋጁ ያስቻለ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ሥራው ክላሪስ ለተባለው የንግድ ቅርንጫፍ ተሰጠ። ከዚያ ወዲያ ከኮምፒዩተሩ ጋር በነጻ የሚመጣው ሌላው የሠራውን ለመክፈትና ለማየት ብቻ የሚያገለግለው ሆነ፤ መሥሪያው ሙሉ መሣሪያ በዋጋ ለብቻው ይሸጥ ጀመር። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ማንበቢያው በነጻ ተሰጥቶ መጻፊያው በዋጋ ሲሆን ውጤቱ ምን እንደሚሆን ተመልከት። በአንድ ደብር ላሉት ተማሪዎች ሁሉ መጽሐፍ ታድሎ ብርዕና ቀለም ግን ለከፈለ ብቻ ቢሸጥ ከጥቂት ዘመን በኋላ በዚያ ደብር አንባቢ ሞልቶ ቍም ጸሐፊ አይገኝም።

እንዲሁም ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ በዩኒቨርሲቲዎች የሚወደደውን ኮምፒዩተሩን ሲሸጥ ሲ የተባለውን ቋንቋ የሚመልሰውን ተርጓሚ አብሮ ይሰጥ ነበር። ሶላሪስ 2 የተባለውን አዲስ ሥርዓት በ1984 ዓ.ም. ግድም ባወጣ ጊዜ ግን ተርጓሚውን ከጥቅሉ አውጥቶ በተለየ ዋጋ ይሸጥ ጀመር። በዚህ ጊዜ ብዙ ባለሙያዎች አዝነው ዝም አላሉም፤ ሌላ መንገድ አስቀድሞ ተከፍቶላቸው ነበርና።

ይህም መንገድ እንዲህ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሠራተኛ በመስከረም 16 ቀን 1976 ዓ.ም.፥ በእኛ አገር የደመራ ዕለት መሆኑ ነው፥ ማንም ሰው ሊገለብጠው፥ ሊመረምረውና ሊያሻሽለው የሚችል ነጻ ሥርዓት እሠራለሁ፤ የሚረዳኝም እሻለሁ ብሎ አስታወቀ። ሥራውም ግኑ ተባለ። ከዚያም በመጋቢት 1979 ዓ.ም. ጂ ሲ ሲ የተባለውን ነጻ ተርጓሚ አወጣ። በ1983 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ሊኑክስ የተባለውን ሥራ ጀመረ፤ ሁለቱም ሥራዎች ተጋጥመው ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ኮምፒዩተሮች የሚሠሩባቸው ሆኑ። እዚህ ላይ ነጻ ማለት ዋጋ የሌለው ማለት ብቻ አይደለም፤ ባለመብቱ ሰው መሣሪያውን ከፍቶ እንዲያይ፥ እንደ አስፈላጊነቱ እንዲለውጥና ለጎረቤቱ እንዲያካፍል የተፈቀደ ነው ማለት ነው።

በዛሬው ጊዜ ነገሩ ወዲያና ወዲህ ሲል ይታያል። ማይክሮሶፍት በኅዳር 2007 ዓ.ም. ቪዥዋል ስቱዲዮ የተባለውን መሣሪያ ለተማሪዎች፥ ለግለሰቦችና ለትንንሽ ድርጅቶች በነጻ የሚሰጥበትን ዓይነት አወጣ፤ ለትልልቅ ድርጅቶች ግን እንደ ቀድሞው በዋጋ ነው። በሌላ ወገን ኦራክል የተባለው ኩባንያ በ2002 ዓ.ም. ሰንን ገዝቶ ጃቫ የተባለውን ቋንቋ ከወረሰ በኋላ ለንግድ ሥራ የሚያገለግለውን የጃቫ 8 ማደሻ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በክፍያ አደረገው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲሱን ዓይነት መልሶ በነጻ ቢፈቅድም በጥር 2015 ዓ.ም. ያወጣው የዋጋ ደንብ ኪራዩን በድርጅቱ ሠራተኞች ሁሉ ቍጥር ልክ የሚያስከፍል ሆነ። በዚህ ደንብ መሠረት ጃቫን በዓይኑ አይቶ የማያውቀው ዘበኛ እንኳ ከቍጥር ይገባል። እንደ ዕድል ሆኖ የዚሁ ቋንቋ ነጻ ዓይነት ኦፕን ጄ ዲ ኬ በሚል ስም ስላለ መሸሻ አልጠፋም። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ፕሮግራም በመጻፍ የሚረዳው ጊትሃብ ኮፓይለት የተባለው ሰው ሠራሽ አስተዋይ በወር 10 ዶላር ለገበያ ወጣ፤ ለተማሪዎች በነጻ ቢፈቀድም የመሣሪያው ንግድ ከሽያጭ ወደ ወርኀዊ ኪራይ እየሄደ መሆኑን የሚያሳይ ነው። ከእነዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት በባለቤቱ በጎ ፈቃድ ብቻ የተሰጠ ነገር በባለቤቱ ፈቃድ ሊወሰድ እንደሚችል ነው። በሕግ ነጻ የተደረገ መሣሪያ ግን ተመልሶ አይወሰድም።

ይህ ነገር ከውጭ አገር ብቻ የሚወራ አይደለም፤ በራሳችን ፊደል ላይ ደርሶብናል። የግእዝን ፊደል በኮምፒዩተር ለመጻፍ ብዙ ዘመን ፓወር ግእዝና ቪዥዋል ግእዝ እንደሚባሉት ያሉ ፕሮግራሞች ለብቻቸው ያስፈልጉ ነበር። እነዚህን የሠሩ ወገኖቻችን ሊመሰገኑ ይገባቸዋል፤ ኮምፒዩተሩ በአማርኛ አልጽፍም ባለ ጊዜ ያጻፉት እነርሱ ናቸውና። ነገር ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደሎቹ የራሱን ቍጥር ይሰጥ ስለ ነበረ ባንደኛው የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። የአንዱ ቢሮ መዝገብ ለሌላው ቢሮ፥ ባንድ ደብር የተጻፈው ድርሳን ለሌላው ደብር እንቆቅልሽ ይሆን ነበር። በ1992 ዓ.ም. መግቢያ ግን የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ በሦስተኛው እትም ገባ፤ ለያንዳንዱም ፊደል አንድ ቍጥር ተወሰነለት። ማይክሮሶፍት በ1999 ዓ.ም. ባወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ውስጥ ኒያላ የተባለውን የግእዝ ፊደል ቅርጽና የአማርኛ መጻፊያውን ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ ሰጠ። አቢሲኒካ የተባለው የፊደል ቅርጽም ማንም ሊወስደውና ሊያድለው በሚችልበት ፈቃድ ይገኛል። እንግዲህ ለብቻው ይገዛ የነበረው መሣሪያ ተመልሶ ከጥቅሉ ገባ ማለት ነው። ምክንያቱም የሕዝብ የሆነ መለኪያ ስለ ተገኘ ነው። በአንድ ወገን ብቻ የተያዘ መለኪያ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ፊደላችንን በኪራይ እንጽፍ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ወደ አሶሳ እንመለስ። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ 784,345 ሰዎች የተቈጠሩበት ክልል ነው። በርታ፥ ጉሙዝ፥ ሺናሻ፥ ማኦና ኮሞ የተባሉት ሕዝቦች ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ወንድሞቻቸው ጋር ይኖሩበታል። ዋና ከተማው አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በአሶሳም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2011 የተቋቋመ ዩኒቨርሲቲ አለ። በመተከል ዞን በጉባ ወረዳ ደግሞ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ቆሟል፤ ኀይሉም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከዚህ ክልል የሚወጣው መብራት የጎረቤት አገሮችን እንኳ የሚያበራ ሆኖ ሳለ የክልሉ ልጆች በዚያው መብራት በሚሠራው ኮምፒዩተር ላይ ተመልካቾች ብቻ ሆነው ቢቀሩ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የተባለው ተረት መፈጸሙ ነው።

ለዚህ ክልል የመሣሪያው ነገር ከሌላው ይልቅ የሚያስፈልግበት አንድ ልዩ ምክንያት አለ። ሻጭ ዕቃ የሚሠራው ገዢውን ቈጥሮ ነው። የአማርኛ መጻፊያ ብዙ ሚሊዮን ተጠቃሚ ስላለው በመጨረሻ ከጥቅሉ ገባ። ለበርታ ቋንቋ የፊደል ስሕተት ማረሚያ፥ ለጉሙዝኛ መዝገበ ቃላት፥ ለሺናሻ ልጆች የንባብ መለማመጃ የሚሠራ ኩባንያ ግን ከባሕር ማዶ ይመጣል ብለን ብንጠብቅ ዘመናችን ያልቃል፤ ትርፍ አያገኝበትምና። ለእነዚህ ቋንቋዎች የሚሆነውን የሚሠራ ሰው ቢኖር የአገሩን ቋንቋ ከእናቱ የተማረ፥ በአሶሳ ወይም በግልገል በለስ ወይም በካማሺ ትምህርት ቤት ያደገ ልጅ ነው። ያ ልጅ መሥሪያውን ካላገኘ ሥራው በማንም አይሠራም። በትልቅ ከተማ የመሣሪያ መወደድ ሥራን ያዘገያል፤ በዚህ ክልል ግን ሥራውን ከነጭራሹ ያስቀረዋል።

ዋጋውንም በገንዘባችን እንመልከተው። የመሣሪያው ኪራይ በዶላር ነው። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓታችን ከመለወጡ በፊት 1 ዶላር 57 ብር ግድም ነበር፤ ከለውጡ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አንድ ትምህርት ቤት 40 ተማሪዎች በሚሠሩበት ክፍል ለያንዳንዱ በወር 10 ዶላር የሚከፈልበት መሣሪያ ተከራየ እንበል። በዓመት 4,800 ዶላር ይሆናል። ይህም በፊተኛው ምንዛሪ 273,600 ብር ሲሆን፥ ዶላሩ በ100 ብር እንኳ ቢታሰብ 480,000 ብር ነው። የመሣሪያው ዋጋ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር የትምህርት ቤቱ ዕዳ በእጥፍ ሊጠጋ ደረሰ ማለት ነው። ኮምፒዩተሩ የተገዛው አንድ ጊዜ ነው፤ ኪራዩ ግን በየዓመቱ ይመጣል፤ በጀቱ ባልተፈቀደበት ዓመትም ክፍሉ ይዘጋል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት የዐረብ ኤሚሬቶች ጋር ሆኖ 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ፕሮግራም መጻፍንና ተመሳሳይ ሙያዎችን በነጻ እንዲማሩ የሚያደርግ ሥራ መጀመሩ የታወቀ ነው። ይህ እጅግ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ትምህርት ያለ መሣሪያ ሙሉ አይሆንም። ለስልክ የሚሆኑ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት አንድሮይድ ስቱዲዮ ምንም እንኳ በነጻ የሚሰጥ ቢሆን ደኅና ሆኖ ለመሥራት ቢያንስ 8 ጊጋባይት ማስታወሻ ያለው ኮምፒዩተር ይፈልጋል፤ ከኢንተርኔትም ብዙ ነገር ያወርዳል። ስለዚህ በነጻ የተባለው ሁሉ ዋጋው በሌላ ስም ሊመጣ እንደሚችል ገዢው ሊያስብበት ይገባል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው፥ ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን ነው፤ የተከፈለበትን ፕሮግራም ከጓደኛ ገልብጦ መጠቀም ይቻል የለምን፥ ይል ይሆናል። እንዲህ ያለው ልማድ በብዙ ቦታ መኖሩን አንክድም። ነገር ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና የተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 የኮምፒዩተር ፕሮግራምንም ከሚጠበቁት ሥራዎች ጋር ይቈጥረዋል። ሕግ ከከለከለው ሌላም ጕዳት አለው። የተሰረቀ ፕሮግራም ማደሻ አያገኝም፤ ብዙ ጊዜም በሽታ ይዞ ይመጣል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የነገው ፕሮግራም ጸሐፊ ሙያውን የሌላውን ድካም በመስረቅ መጀመሩ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ የራሱ ሥራ በተሰረቀ ጊዜ በምን አፉ ይጮኻል? ይህን ነገር በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም የሚያስተምሩ አባቶች ለወጣቶች ሊነግሩት የሚገባ ነው፤ የማይዳሰስ ዕቃ መስረቅ ስርቆት መሆኑን ብዙ ሰው አላስተዋለምና።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በእኛ አሳብ የሚከተለው ቢፈጸም መልካም ነው።

አንደኛ፥ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች የጨረታ ሰነድ ሲያዘጋጁ የኮምፒዩተሩን ጕልበት ብቻ ጽፈው አይተዉት። መሣሪያዎቹ አብረው ይመጣሉን? በስጦታ ነው፥ በሽያጭ ነው፥ ወይስ በኪራይ? በ5 ዓመት ውስጥ ጠቅላላ ዋጋቸው ስንት ይሆናል? ኢንተርኔት በሌለበት ቀን ይሠራሉን? ይህ ሁሉ ከመፈረም በፊት ይጠየቅ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለ፥ የበጀት ዓመቱ ሊያልቅ ሲል በጥድፊያ የተገዛ ዕቃ ጕድለቱ የሚገለጠው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፥ ወደ ክልሉ ትምህርት ቤቶች የሚሄድ ማናቸውም ኮምፒዩተር ከመታደሉ በፊት ነጻዎቹ መሣሪያዎች ይጫኑበት። ፓይተን የተባለው ቋንቋ፥ ጂ ሲ ሲ የተባለው ተርጓሚ፥ ሊብረ ኦፊስ የተባለው የጽሕፈት ቤት ፕሮግራም፥ የግእዝ ፊደል ቅርጾችም ሁሉ አንድ ጣት በሚያህል ማስቀመጫ ተይዘው ሊሄዱ ይችላሉ። የሚያስፈልገው አንድ ጊዜ አስቦ ማዘዝ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፥ እነዚህ መሣሪያዎችና ማደሻዎቻቸው በክልሉ ውስጥ ተገልብጠው የሚቀመጡበት አንድ ግምጃ ቤት ቢኖር ይበጃል፤ ለዚህም ዩኒቨርሲቲው የተመቸ ቦታ ነው። ተማሪውና መምህሩ ከባሕር ማዶ በቀጭን መስመር ከሚያወርዱት ይልቅ ከቅርብ ይወስዱታል። መስመሩ በተቋረጠ ቀንም ሥራ አይቆምም።

አራተኛ፥ በእውነት ከነጻው የሚሻል የሚከፈልበት መሣሪያ ሲገኝ ይገዛ፤ ንፉግ መሆን ጥበብ አይደለም። ነገር ግን እያንዳንዱ ቢሮ ለብቻው እየተዋዋለ ከሚጐዳ ብዙዎቹ ተባብረው በአንድ ውል ቢገዙ ዋጋውም ይቀንሳል፥ ቃሉም ይጸናል። ለገዢው ከአንድ ባለ መሣሪያ ወደ ሌላው የሚሻገርበት በር በውሉ ውስጥ ይጻፍለት፤ መዝገቡም ማንም ሊከፍተው በሚችል ዓይነት ይቀመጥ።

አምስተኛ፥ መሣሪያው ቢመጣም መመሪያው በባዕድ ቋንቋ ብቻ ከሆነ ለልጁ ገና የተቈለፈ ነው። የትርጓሜ ትምህርት ባለቤት የሆነች አገር ይህን ለመሥራት አታንስም። ነጻ መሣሪያ መመሪያውም ነጻ ስለ ሆነ ያለ ክፍያ መተርጐም ይፈቀዳል። በአማርኛ፥ ቢቻልም በክልሉ ቋንቋዎች፥ አጫጭር መመሪያዎች ቢዘጋጁ ድካሙ ከንቱ አይሆንም።

በመጨረሻ ከአገሩ የተገኘ አንድ ምሳሌ ጨምረን ነገራችንን እንጨርስ። ቤኒ ሻንጉል ከጥንት ጀምሮ በወርቁ የታወቀ አገር ነው። የግብፅ ገዥ የነበረው መሐመድ ዓሊ ከ200 ዓመት በፊት ጦሩን ወደ ሱዳን የሰደደበት አንዱ ምክንያት የዚህ ጠረፍ ወርቅ ነበር። ሕዝቡም እስከ ዛሬ ድረስ አሸዋውን በገበቴ እያጠበ ወርቅ ያወጣል። አሁን አንድ ነጋዴ መጥቶ፥ ወንዙ የእናንተ ነው፥ አሸዋውም የእናንተ ነው፤ ገበቴው ግን የእኔ ስለ ሆነ በየወሩ ኪራይ ትከፍሉኛላችሁ፥ ቢል ሽማግሌዎቹ ምን ይመልሱለታል? ገበቴህ ከእኛው ይልቅ የሚሻል ከሆነ ዋጋውን ንገረን፥ ቈጥረን እንገዛሃለን፤ የማይሻል ከሆነ ግን እንጨቱም ጠራቢውም ከእኛ ዘንድ አለ፥ ይሉታል። የክልሉ ባለሥልጣኖችም በኮምፒዩተሩ ነገር እንደነዚህ ሽማግሌዎች ይመልሱ። ለመመለስ ግን ገበቴው ለብቻው መሸጡን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋልና፥ የግዥ ሰነድ በፊቱ የቀረበለት ሰው ሁሉ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት፥ መሣሪያውስ? ብሎ ይጠይቅ።